ለትምህርት ቤታችን የነፋስ ተርባይን ከመግዛታችን በፊት ምን ያህል መለካት ይኖርብናል?

ጥያቄ፦ የአፋፉ መምህር

ሰላም ለሁላችሁ። የማስተምረው ከደብረ ብርሃን ራቅ ብሎ፣ ደጋው ወደ አፋር ቆላ በሚቆረጥበት ገደል አፋፍ ላይ በሚገኝ ትምህርት ቤት ሲሆን፣ ቦታው ከባሕር ጠለል በላይ 2,900 ሜትር ገደማ ከፍታ አለው። የመብራት መስመር አልደረሰንም፤ ያለችን አነስተኛ ጄኔሬተርም ከነዳጁ ውድነት የተነሣ ከፈተና ሰሞን በቀር አትነሣም። ነፋሳችን ግን ጋቢ ከትከሻ የሚገፍ ነው። ስለዚህ ወላጆች ኮሚቴ አቋቁመው ገንዘብ ማዋጣት ጀምረዋል፤ አንድ ሻጭም «3 ኪሎዋት» የሚል ጽሑፍ ያለበት፣ የክንፎቹ ዙር ከዳር እስከ ዳር 3.2 ሜትር የሆነ ተርባይን አቅርቦልናል።

እኔም በእጅ የሚያዝ የነፋስ ፍጥነት መለኪያ ተውሼ፣ በጥርና በየካቲት ለ24 ቀናት፣ ከክፍል ስወጣ በ10 ሰዓት ገደማ በመማሪያ ክፍሎቹ ማዕዘን ላይ ቆሜ ለካሁ፤ አማካዩ 6.1 ሜትር በሴኮንድ ሆነ። 3 ኪሎዋት በ24 ሰዓት ሲባዛ በቀን 72 ኪሎዋት ሰዓት ስለሚሆን፣ ግማሹ እንኳ ቢገኝ ከኮምፒውተር ክፍሉ ተርፎ ለጤና ኬላው ይደርሳል ብዬ ለኮሚቴው ነግሬያለሁ። ስሌቴ ትክክል ነው? የለካሁትስ ለግዢ ይበቃል?

መልስ፦ ምሰሶ ተካይ

መምህር፣ ብዙ ሰው የሚጠይቀው ከገዛ በኋላ ስለሆነ አስቀድመው መጠየቅዎ ያስመሰግናል። ሆኖም የለኩት የአካባቢዎን ነፋስ ሳይሆን የ10 ሰዓቱን ነፋስ ነው። ፀሐይ መሬቱን ስታሞቅ ውላ ነፋሱ የሚበረታው ከሰዓት በኋላ ሲሆን፣ ሌሊትና ንጋት ላይ በብዙ ቦታ ይረግባል። ይህን ገበሬው ያለ መሣሪያ ያውቀዋል፤ የተበራየው ገብስ በመንሽ ወደ ላይ ሲበተን ገለባው የሚለይበትን ሰዓት ጠብቆ ነው ወደ አውድማው የሚወጣው። የመማሪያ ክፍሉ ማዕዘንም አሳሳች ቦታ ነው፤ ነፋሱ ግድግዳውን ሲዞር በአንድ በኩል ይፈጥናል፣ በሌላው በኩል ይሽከረከራል።

«3 ኪሎዋት» የሚለው ጽሑፍ ተርባይኑ በብርቱ ነፋስ፣ አብዛኛውን ጊዜ በ12 ሜትር በሴኮንድ አካባቢ፣ የሚሰጠውን ኃይል ያመለክታል እንጂ የዘወትር ምርቱን አይደለም። በነፋሱ ውስጥ ያለው ኃይል የሚገኘው የአንድ ኪዩቢክ ሜትር አየር ክብደት፣ ክንፎቹ የሚጠርጉት ስፋትና ሦስት ጊዜ በራሱ የተባዛው ፍጥነት ተባዝተው ለሁለት ሲካፈሉ ነው። ፍጥነቱ በግማሽ ሲቀንስ ኃይሉ ወደ ስምንተኛ እጅ የሚወርደው ለዚህ ነው። የእርስዎ ከፍታም ድርሻ አለው፤ አንድ ኪዩቢክ ሜትር አየር በባሕር ጠለል 1.225 ኪሎግራም ሲመዝን፣ በ2,900 ሜትር ላይ ወደ 0.87 ስለሚወርድ ከሩብ በላይ የሚሆነው ኃይል ከመጀመሪያውኑ የለም።

የሙሉው ዓመት አማካይ 5 ሜትር በሴኮንድ ነው እንበልና፣ ፍጥነቱም ከፍና ዝቅ የሚለው ለነፋስ በተለመደው ስርጭት (ብዙውን ጊዜ ለስለስ ብሎ፣ አልፎ አልፎ በርትቶ) ነው እንበል። ክንፎቹ የሚጠርጉት 8 ካሬ ሜትር ያህል ስለሆነ በዚያ ውስጥ የሚያልፈው ኃይል በአማካይ 840 ዋት ገደማ ይሆናል። ማንኛውም ተርባይን ከዚህ ከ59.3 በመቶ በላይ መውሰድ እንደማይችል የፊዚክስ ሕግ ያስገድዳል፤ አነስተኛ ተርባይን ከነባትሪውና ከነሽቦው 20 በመቶ ካደረሰልዎ ደህና ነው። ይህም በቀን 4 ኪሎዋት ሰዓት ያህል ማለት ነው። ለመብራትና ለጥቂት ላፕቶፖች ጥሩ ነው፤ ከ72 ጋር ግን አይተዋወቅም።

አማካይ ብቻውን እንደማይበቃም ልብ ይበሉ። ሌት ተቀን በ5 ሜትር የሚነፍስ ቦታና ግማሹን ጊዜ ጭር ብሎ ግማሹን በ10 ሜትር የሚነፍስ ቦታ አማካያቸው እኩል 5 ነው፤ የሁለተኛው ኃይል ግን የመጀመሪያው 4 እጥፍ ነው። በየ10 ደቂቃው አማካይ የሚመዘግብ መሣሪያ ለ12 ወራት እንዲቆም የምንጎተጉተው ይህን ስርጭት ለማግኘት ነው።

መልስ፦ ሽቦ ወጣሪ

ከላይ በተባለው ላይ የራሴን ጥፋት ልጨምር። ከዓመታት በፊት በአንድ ደጋ ቀበሌ የ10 ሜትር የነፋስ መለኪያ ምሰሶ ካቆሙት ሰዎች አንዱ ነበርኩ። ምሰሶውን በአራት የብረት ገመድ ወጥረን ስንሄድ አጥር አላጠርንለትም። ከብቶቹ በገመዱ አንገታቸውን ማከክ ለመዱ፤ በአራተኛው ወር ስንመለስ ምሰሶው ወደ አንድ ጎን አዘንብሎ፣ የአቅጣጫ ጠቋሚው ዞሮ፣ የሰሜኑን ነፋስ የምሥራቅ እያለ ሲመዘግብ አገኘነው። ሐምሌ ላይ ደግሞ የመዝጋቢው ባትሪ ሞተ፤ መንገዱ በጭቃ ስለተዘጋ እስከ መስከረም የደረሰለት ሰው አልነበረም።

የሚያሳዝነው ግን ከዚያ በኋላ ያደረግነው ነው። ሥራውን ያሠራው ድርጅት ሪፖርቱን ስለቸኮለበት የጎደሉትን የክረምት ወራት በበጋው አማካይ ሞላናቸው። ተርባይኑ ተገዝቶ ተተከለ፤ በቀጣዩ ክረምት ባትሪዎቹ ባዶ ሆነው ከረሙ። ስለዚህ ጥርና የካቲት ምንም ያህል ቢያማልልዎ፣ ከብሔራዊ መስመር ውጭ ላለ ትምህርት ቤት ፈራጁ የዓመቱ ደካማ ወር ነው። ትልልቆቹ የነፋስ ኃይል ማመንጫዎች አዳማ 1 እና 2 (51 እና 153 ሜጋዋት) እንዲሁም አሸጎዳ (120 ሜጋዋት) የሚመግቡት ክረምት ላይ ግድቦቹ የሚሞሉለትን መስመር ስለሆነ፣ ያኔ ነፋሱ ቢደክም ውኃው ይሸፍናል። እርስዎን የሚሸፍን ግድብ የለም፤ በሐምሌና በነሐሴ ደመናው የፀሐይ ሰሌዳንም ስለሚያደክም ያን ጊዜ በተለይ ይለኩ።

መልስ፦ ካርታ ወዳድ

ምሰሶ ከማቆምዎ በፊት ግሎባል ዊንድ አትላስን ይመልከቱ። የዴንማርክ ቴክኒካል ዩኒቨርሲቲ ከዓለም ባንክ ጋር ያዘጋጀው ነፃ ካርታ ሲሆን፣ የቦታዎን የብዙ ዓመታት አማካይ በ10፣ በ50 እና በ100 ሜትር ከፍታ ያሳያል። ቁጥሩን ግን እንደ ጥቆማ ብቻ ይያዙት፤ ካርታው የተሠራው በ250 ሜትር ስፋት ስለሆነ በእንደ እርስዎ ያለ አፋፍ ላይ ጉብታውና ሸለቆው በአንድ ነጥብ ሊጠቃለሉ ይችላሉ።

በምሰሶው ላይም አንድ ሳይሆን ሁለት መለኪያ፣ በተለያየ ከፍታ፣ ቢያስሩ ይሻላል። በሜዳ ላይ ከ10 ወደ 30 ሜትር ሲወጣ ፍጥነቱ በ17 በመቶ ገደማ ይጨምራል ተብሎ ይሰላል፤ በገደል አፋፍ ላይ ግን ይህ ስሌት አይታመንም፣ ነፋሱ ዳገቱን ሲወጣ ከመሬቱ አጠገብ ሊፈጥን ይችላልና። ባሕር ዛፍ ካለ ደግሞ ከዛፉ ቁመት እስከ 20 እጥፍ ርቀት ድረስ ነፋሱን እንደሚያውከው ይቁጠሩ። የ10 ሜትር ዛፍ 200 ሜትር ያህል ያበላሻል፤ ዛሬ 10 ሜትር የሆነው ደግሞ ከአምስት ዓመት በኋላ 10 ሜትር አይሆንም።

ጠያቂው፦ የአፋፉ መምህር

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። መልሶቻችሁን ካነበብኩ በኋላ ዛሬ ንጋት በ12 ሰዓት መለኪያውን ይዤ በዚያው ማዕዘን ቆምኩ፤ ሣሩ ላይ ውርጭ ነበር፣ የጎረቤት ጭስም ቀጥ ብሎ ይወጣል፤ መሣሪያው 1.3 አሳየ። ለኮሚቴው 72 ያልኩት ቁጥር ስህተት መሆኑን ነገ በስብሰባው እናገራለሁ፤ ግዢውም ይቆያል። ምሰሶውን ከትምህርት ቤቱ 300 ሜትር ርቆ፣ ዛፍ በሌለበት በላይኛው አውድማ ላይ ለማቆም ባለ መሬቱን አነጋግሬ ፈቅደውልኛል። አጥር እናጥራለን። የቀረኝ ጥያቄ፣ በክረምት መንገዱ ሲዘጋ የመዝጋቢውን ባትሪ የሚቀይር ተማሪ ከዘጠነኛ ክፍል መርጬ ባሠለጥን በቂ ይሆናል ወይ የሚለው ነው።

መልስ፦ ሽቦ ወጣሪ

ሁለት ይምረጡ፤ አንዱ ሊታመም ይችላል። በየሳምንቱ ቀኑንና የባትሪውን ቮልት የሚጽፉበት ደብተርም ይስጧቸው።