ግራንድ ስላም ካፕ፦ 10 ዓመት ሙኒክ ላይ ቆይቶ የቀረው የቴኒስ ውድድር

የከዚራው (ጥያቄ)
ሰላም ድሬዎች። ለሰፈር የስፖርት ጥያቄና መልስ ውድድር ስለ ግራንድ ስላም ካፕ ጥቂት ጥያቄዎች እየተዘጋጁ ነው፤ ሁለት ነገር አከራከረን። አንደኛ፣ ይህ ውድድር የዛሬው የኤቲፒ ፋይናልስ (የወንዶች ቴኒስ የዓመቱ ማጠቃለያ ውድድር) የድሮ ስሙ ነው ወይስ ራሱን የቻለ? ሁለተኛ፣ የመጀመሪያው ፍጻሜ በእኛ አቆጣጠር 1982 ነው 1983? ያ ሁሉ ገንዘብ እያለው ለምን እንደቀረም የሚያውቅ ቢጨምርበት ደስ ይለናል።

ሳቢያን
ራሱን የቻለ ነው አቦ! እንዲያውም ባላንጣዎች ነበሩ። ነገሩ የሚጀምረው እ.ኤ.አ. በ1988 ነው፤ ተጫዋቾቹ ዩ ኤስ ኦፕን የሚካሄድበት ግቢ የመኪና ማቆሚያ ላይ ቆመው የራሳችንን ዙር እናቋቁማለን የሚል መግለጫ ሰጡ፣ በ1990 ደግሞ ማኅበራቸው ኤቲፒ የወንዶቹን ዙር (ዓመቱን ሙሉ የሚካሄዱትን ውድድሮች) ተረከበ። የዓመቱ ማጠቃለያ ውድድርም ከኒውዮርክ ወደ ፍራንክፈርት ሄደ። ዓለም አቀፉ የቴኒስ ፌዴሬሽንና አራቱ ግራንድ ስላሞች (ትልልቆቹ ውድድሮች፦ የአውስትራሊያ፣ የፈረንሳይ፣ ዊምብልደንና ዩ ኤስ ኦፕን) ታዲያ እጃቸውን አጣጥፈው አልተቀመጡም፤ በዚያው ዓመት ሙኒክ ኦሊምፒያሃለ ውስጥ የራሳቸውን ከፈቱ።

አመራረጡ ቀላል ነበር። የዓመቱ አራት ግራንድ ስላሞች ላይ የተገኘ ነጥብ ብቻ ይደመራል፣ ከላይ ያሉት 16 ይጠራሉ። ጠቅላላ ሽልማቱ 6 ሚሊዮን ዶላር፣ ለአሸናፊው 2 ሚሊዮን። ምን ያህል እንደሆነ ለማየት፦ ፒት ሳምፕራስ በ1990 ዩ ኤስ ኦፕንን ሲያሸንፍ የተከፈለው 350,000 ዶላር ነው። ሙኒክ ላይ ብራድ ጊልበርትን 6-3፣ 6-4፣ 6-2 ሲረታ ግን ወደ ስድስት እጥፍ ወሰደ።

የጎደለው የደረጃ ነጥብ ነው። ኤቲፒ ለተቀናቃኙ ነጥብ አልሰጥም አለ፤ ስለዚህ አንደኛ ደረጃን ለሚያሳድድ ተጫዋች ሙኒክ ገንዘብ እንጂ ሌላ አይጨምርለትም። በመጨረሻ ሁለቱ ወገኖች ታረቁና በ2000 ውድድሮቹን አዋህደው ቴኒስ ማስተርስ ካፕ አሉት። የመጀመሪያው ሊዝበን ላይ ተካሂዶ ጉስታቮ ኩዌርተን አጋሲን አሸነፈ። ለጠብ የተወለደ ውድድር፣ ጠቡ ሲበርድ ማን ይፈልገዋል?

ደቻቱ
1983 ነው። ፍጻሜው ዲሴምበር 16 ቀን 1990 ስለዋለ ታኅሣሥ 7 ቀን 1983 ይሆናል። 1982 ያለው ሰው 8 ቀንሶ ነው። እስከ 1996 በፈረንጆቹ ዓመት ማብቂያ፣ ከ1997 ወዲህ በሴፕቴምበር መጨረሻ ይካሄድ ስለነበር 10ሩም ከእኛ አዲስ ዓመት በኋላ ናቸው፤ ለሁሉም 7 ቀንሱ።

ወጥመዱ ሌላ ቦታ ነው። ሳቢያን የጠቀሰው የዩ ኤስ ኦፕን ፍጻሜ ሴፕቴምበር 9 ነበር፣ ማለትም ጳጉሜን 4 ቀን 1982። ጥያቄያችሁ «በዚያው ዓመት ሁለቱን ያሸነፈ» የሚል ከሆነ በእኛ አቆጣጠር ስህተት ነው። ወይ እ.ኤ.አ. ብላችሁ ጻፉ ወይ ተዉት፣ አለበለዚያ መድረክ ላይ ጭቅጭቅ ነው።

የከዚራው
አቦ ተባረኩ! «በዚያው ዓመት» የሚለውማ ተጽፎ ነበር፣ አሁን ተሰረዘ። «ሳምፕራስ የዓመቱን ማጠቃለያ 7 ጊዜ አሸነፈ» የሚልም አለ፣ ትክክል ነው?

ለገሃር
አይደለም፣ ሁለቱን ደምራችሁ ነው። የኤቲፒው 5 ነው፦ እ.ኤ.አ. 1991፣ 1994፣ 1996፣ 1997 እና 1999። ሙኒክን 1990 እና 1997 ወስዷል። ከእሱ በቀር ሙኒክ ላይ ሁለቴ ያሸነፈ ወንድ የለም።

ከበድ ያለ ጥያቄ ከፈለጋችሁ፣ ካፑን አንስተው በነጠላ ግራንድ ስላም ሳያገኙ የቀሩትን ጠይቁ። አራት ናቸው፦ ዴቪድ ዊተን በ1991፣ ማግኑስ ላርሰን በ1994፣ ማርሴሎ ሪዮስ በ1998፣ ግሬግ ሩሴድስኪ በ1999። ኮርዳንና ኢቫኒሴቪችን የሚጨምር አይጠፋም፤ እነሱ ግን ኋላ አግኝተዋል፣ ኮርዳ በ1998 አውስትራሊያ፣ ኢቫኒሴቪች በ2001 ዊምብልደን።

የ1993ቱን ፍጻሜ ውጤት ስትጽፉ ደግሞ ተጠንቀቁ። ኮርዳ ሽቲክን ያሸነፈው በአምስተኛው ሴት 11-9 ነው (ሴት ስል የጨዋታውን ምዕራፍ ነው እንግዲህ)። የጽሕፈት ስህተት መስሎት 7-6 ብሎ የሚያርመው ሰው ይኖራል፤ መጨረሻው ሴት ላይ ታይ ብሬክ (6-6 ሲሆን ሴቱን የሚቋጨው አጭር መለያ) አልነበረም።

የከዚራው
የሴቶቹስ?

ለገሃር
ሁለት ጊዜ ብቻ ነው የተካሄደው። በ1998 ቬነስ ዊሊያምስ ፓቲ ሽኒደርን፣ በ1999 ሴሬና ቬነስን 6-1፣ 3-6፣ 6-3። ሴሬና እህቷን ለመጀመሪያ ጊዜ ያሸነፈችው እዚያ ነው፤ ይህን ለመጨረሻው ዙር አስቀምጡት፣ ብዙ ሰው ዩ ኤስ ኦፕን ይላል።