ባለ አምስት ክንድ ቸርኬ፦ የፖርሼ ነው ወይስ ኮፒ? ለቮልስስ ይሆናል?

ቮልሴ (ጠያቂ)
ሰላም ለእናንተ ይሁን። ኮምቦልቻ ነኝ። ከአባቴ የወረስኳት የ1972 ሞዴል ቮልስ አለችኝ። ደሴ አንድ ሰው አምስት ቸርኬ ሊሸጥልኝ ነው። ሁሉም 15 ቁጥር (15 ኢንች)፣ ባለ አምስት ክንድ፣ ባለ አምስት ቀዳዳ ናቸው። የአራቱ ክንድ እንደ አበባ ቅጠል ሰፋ ያለና ጥቁር የተቀባ ነው። አምስተኛው፣ ለስኮርታ ብሎ የጨመረልኝ፣ ክንዱ ቀጥ ያለ ነው፤ ጠርዙ እንደ መስታወት ያበራል። ሰውየው «አምስቱም የፖርሼ ኦርጅናል ናቸው» ይላል። እኔ ግን አራቱን ጎን ለጎን ሳያቸው ሁለቱ ከሁለቱ የሚለዩ መሰለኝ። በምን ልለያቸው? ለመኪናዬስ ይሆናሉ? በሳምንት ሁለት ሦስቴ በደሴና በኮምቦልቻ መካከል ያለውን የሐረጎን ዳገት እወጣለሁ፣ እወርዳለሁ። ለውበት ብዬ አደጋ ውስጥ መግባት አልፈልግም።

የደሴው ጎሚስታ
አብሽር ወንድሜ። ከኦርጅናልነቱ በፊት ልኩ ይቀድማል፤ ሜትር ያዝ። የ72 ቮልስ ታምቡር (ቸርኬው የሚታሰርበት የፍሬን ክፍል) አራት ቀዳዳ ነው። ፊት ለፊት ያሉት ሁለት ቀዳዳዎች ከመሃል እስከ መሃል 130 ሚሊ ሜትር ይርቃሉ። ከ1968 ሞዴል በፊት የነበሩት በአብዛኛው ባለ አምስት ቀዳዳ ናቸው፣ የቀዳዳዎቹ ክብ (በቀዳዳዎቹ መሃል የሚያልፈው ክብ ስፋት) 205 ሚሊ ሜትር ነው። ፖርሼ 911 ደግሞ አምስት ቀዳዳ በ130 ክብ ላይ። ስለዚህ «130 ነው፣ ይገባል» ሲሉህ አትቸኩል፣ ቀዳዳውን ቁጠር።

ባለ አምስት ቀዳዳ ላይ ፊት ለፊት የሚተያይ ቀዳዳ የለም። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። አንድ ቀዳዳ ዝለልና ከመሃል እስከ መሃል ለካ። 123.6 ገደማ ካገኘህ ክቡ 130 ነው። 195 ከመጣ የድሮው ቮልስ 205 ነው።

አሮጌው መካኒክ
ልጄ፣ ቅጠል የሚመስለው የጀርመኑ ፉክስ ፋብሪካ ቸርኬ ነው። እ.ኤ.አ. በ1966 ለፖርሼ 911 ኤስ ነው የወጣው። እኔ በሕይወቴ ካየኋቸው ቸርኬዎች ሁሉ ይሄን የሚያህል ውብ የለም። ውበቱ ብቻም አይደለም። አሉሚኒየሙ ቀልጦ ቅርጽ ውስጥ የፈሰሰ ሳይሆን በከባድ ማተሚያ ተጨፍልቆ የወጣ ነው። ለዚህ ነው ቀሎም የሚጠነክረው። ኮፒው ግን ብዙውን ጊዜ ቀልጦ የፈሰሰ ነው።

ፊቱን አይተህ አትፍረድ፤ ቀለም ሁሉንም ያመሳስላል። ገልብጠው። ጀርባውን በነጭ ጋዝ እጠበው፣ የፍሬን ዱቄትና ጭቃ ጽሑፉን ይሸፍነዋልና። በኦርጅናሉ ላይ የፋብሪካው ምልክት፣ ብዙ ጊዜ በ911 የሚጀምር የዕቃ ቁጥር፣ እንዲሁም ስፋቱ ተመትቶ ታገኛለህ። መጀመሪያ የወጣው ስፋቱ 4½ ኢንች ነበር፣ ከዚያ 5½፣ 6፣ በኋላም 7 እና 8 መጣ። ባለ 6ቱ ራሱ ሁለት ዓይነት ነው፤ አንዱ ክንዱ ወደ ውስጥ ገባ ያለ፣ ሌላው ጠፍጣፋ። ሁለቱም ኦርጅናል ሆነው ጎን ለጎን ሲቆሙ ሊለያዩ ይችላሉ፤ ሰውየውን ወዲያው ሌባ አትበለው።

የቦርከና ልጅ
ስለ አምስተኛው ልናገር። ቀጥ ያለ ክንድ የፖርሼ አይደለም፣ የአሜሪካኖቹ ፋሽን ነው። ሁለት ስመ ጥሮች አሉ፤ አሜሪካን ሬሲንግ የሚባለው ፋብሪካ ቶርክ ትረስትና እ.ኤ.አ. በ1964 የወጣው ክራጋር ኤስ ኤስ። ማግኔት ይዘህ ሂድ። ክራጋር ኤስ ኤስ መሃሉ አሉሚኒየም፣ ዙሪያው ክሮም የተለበጠ ብረት ነው። ማግኔቱ ዙሪያውን ይይዛል፣ ክንዱን ይተወዋል። የድሮው ቶርክ ትረስት ግን ማግኔት የትም አይዘውም። የአሜሪካ መኪኖች ክብ አብዛኛው 114.3 ወይም 120.65 ስለሆነ ለቮልስ ስኮርታነት እርሳው።

የደሴው ጎሚስታ
አንድ ነገር ልጨምር። ቸርኬውን በፊቱ አስተኛው። ጀርባው ላይ ቀጥ ያለ ጣውላ አጋድምና ታምቡሩ ላይ እስከሚያርፈው ገጽ ድረስ ያለውን ጥልቀት ለካ። አራቱ እኩል ካልሆኑ በአንድ መስመር ግራና ቀኝ ጎማ ላይ እንዳትቀላቅላቸው። መሪ ይጎትታል። የቡሎኑን መቀመጫም እየው። ኦርጅናሉ ክብ ነው፣ ኮፒው ብዙ ጊዜ ሾጣጣ ነው። ክቡን ቡሎን ሾጣጣው ውስጥ ብታስር የጠበቀ ይመስልሃል፣ ሐረጎ ቁልቁለት ላይ ይላላል።

እናት ጋራዥ
ስንጥቅ ሳታይ ብር እንዳትቆጥር ወንድሜ። ክንዱ ከመሃል የሚነሳበትን ቦታ ነጭ ጋዝ ቀባው፣ ጥቂት ቆይተህ ድርቅ አድርገህ ጥረገው፣ ከዚያ ጠመኔ አሸው። ስንጥቅ ካለ ጋዙ ተመልሶ ይወጣና ጠመኔው ላይ ቀጭን መስመር ይታያል። ተበይዶ ቀለም የተቀባ ከሆነም አትንካው።

ቮልሴ
አላህ ይስጣችሁ። ቅዳሜ ሄጄ ሁሉንም ሠራሁ። አራቱም 123 ከምናምን መጡ፣ ክቡ 130 ነው። ከሁለቱ ጀርባ ማህተሙም ቁጥሩም 5½ም ወጣ። ሁለቱ ላይ ምንም የለም፣ ስታነሷቸውም ከበድ ይላሉ። ጥልቀታቸውም አንድ ሴንቲ ሜትር ይለያል። ከኮፒዎቹ አንዱ ላይ ጠመኔው መስመር አሳየ። ስኮርታው ላይ ማግኔቱ ዙሪያውን ያዘ። ሰውየው ራሱ ደንግጦ አየው፣ የገዛውም እንደዚያው ነበር። የእኔ ታምቡር ባለ አራት ስለሆነ አዳፕተር (በታምቡሩና በቸርኬው መካከል የሚገባ ማገናኛ) ይሻላል ይላል። ሁለቱን ኦርጅናል ገዝቼ ላስቀምጥ?

አሮጌው መካኒክ
ዋጋው ከተስማማህ ሁለቱን ያዝ፤ ሌላ ሁለት እስክታገኝ አይበላሹም። አዳፕተሩን ተወው፤ ጎማውን ወደ ውጭ ይገፋዋል፣ የሚላላ ቡሎንም ይጨምርብሃል። ለቮልስ የሚሆን በአምስት ቀዳዳ 130 የተበሳ ታምቡር ይሸጣል። ስታዝ የፊትና የኋላው እንደሚለያይ አትርሳ፤ ቡሎኑ 14 ሚሊ ሜትር፣ ጥርሱ 1.5 መሆኑንም ጠይቅ። እስከዚያ በብረት ቸርኬህ ውጣ፣ ውረድ።

ቮልሴ
እሺ ጋሼ። ሁለቱን ነገ አመጣቸዋለሁ።