ነፋስ ለሚበዛበት ባሕር፣ ለትንሽ ሰው የሚሆን ካያክ የትኛው ነው?

ጥያቄ፦ ጀማሪ ቀዛፊ
ሰላም ለሁላችሁ። ቁመቴ 1 ሜትር ከ58 ነው፤ ክብደቴ 52 ኪሎ። እስካሁን በኪራይ ካያክ (በመቅዘፊያ የሚነዳ ጠባብ ጀልባ) ነው የምቀዝፈው፤ አሁን የራሴን ልገዛ ነው። ብዙ ጊዜ ዳርቻውን ተከትዬ ለግማሽ ቀን እወጣለሁ። ከሰዓት በኋላ ነፋስ አይጠፋም። አንዳንዴ ድንኳን ይዤ ባድርም ደስ ይለኛል። አሁን 5.3 ሜትር ርዝመትና 58 ሳንቲ ሜትር ስፋት ያለው ያገለገለ ካያክ አግኝቻለሁ። ሻጩ «ሰፊ ስለሆነ አይገለበጥም፣ ዕቃም ይይዛል» ይላል። ልግዛው?

መልስ፦ ማዕበል
እህቴ፣ እኔ ብሆን አልገዛውም። ርዝመቱ ብቻውን ችግር አይደለም፤ እንዲያውም ረጅም ካያክ ቀጥ ብሎ ይሄዳል። ችግሩ ካያኩ ለትልቅ ሰው የተሠራ መሆኑ ነው። ላንቺ ክብደት ውኃው ላይ ዝቅ ብሎ አይቀመጥም። ከውኃ በላይ የቀረውን ጎኑን ነፋሱ ይገፋዋል። አብዛኛው ካያክ ነፋስ ከጎን ሲመታው ፊቱን ወደ ነፋሱ ማዞር ይፈልጋል፤ ቀለል ብሎ ሲቀመጥ ደግሞ ይብስበታል። አቅጣጫ ስታስተካክይ ትውያለሽ፤ ትከሻሽ ያልቃል። ለትንንሽ ሰዎች ተብለው የሚሠሩ፣ ሽፋናቸው (ከእግር በላይ ያለው የካያኩ የላይኛው ገጽ) ዝቅ ያለ ሞዴሎች አሉ። 4.8 ሜትር አካባቢ ርዝመትና ከ52 እስከ 55 ሳንቲ ስፋት ያለው ፈልጊ። ለአንድ ሌሊት ዕቃ ይበቃሻል።

መልስ፦ የጠዋት ቀዛፊ
በማዕበል እስማማለሁ። እኔ ግን ከቁጥሩ በፊት ገብተሽ ተቀመጪበት እላለሁ። እግርሽ መርገጫውን ሲነካ ጉልበትሽ ትንሽ ታጥፎ፣ ጭንሽ ሽፋኑን ከሥር መደገፍ አለበት። ካያክ የሚያዘው በዳሌና በጭን ነው፤ ጭንሽ ካልደረሰ ሞገድ ሲመጣ ምንም አታዢበትም። ዳሌሽ ጋ ያለውን ክፍተት በስፖንጅ መሙላት ይቻላል። ሽፋኑ ከፍ ካለ ግን ብዙ የምታደርጊው ነገር የለም። በጣምም አይጥበብ፤ ከተገለበጥሽ ሳትታገይ ተንሸራተሽ መውጣት አለብሽ። ግማሽ ሰዓት ቁጭ በይበት። እግርሽ ከደነዘዘ ተይው።

መልስ፦ ደሴት
ስለ ስፋቱ ሻጩ ግማሹን ብቻ ነው የነገረሽ። ሰፊ ካያክ ፀጥ ባለ ውኃ ላይ የተረጋጋ ነው። ሞገድ ከጎን ሲመጣ ግን የሞገዱን ተዳፋት ተከትሎ አብሮ ያዘነብላል። ጠበብ ያለው መጀመሪያ ይንቀጠቀጥብሻል፤ ሲያዘነብል ግን በዳሌሽ ትመልሺዋለሽ። ክንድሽ አጭር ከሆነ ደግሞ ሰፊው መቅዘፊያሽን ያርቅብሻል። ቢሆንም ለጀማሪ ከ50 ሳንቲ በታች አልመክርም፤ ውኃው ላይ የሚፈራ ሰው አይማርም።

ጀማሪ ቀዛፊ
እግዜር ይስጥልኝ! ተውኩት በሉኝ። ሁለት ነገር ልጨምር፦ መሪ ያለው ይሻላል ወይስ ስኬግ? ካያኩንስ ብቻዬን እንዴት ላነሣው?

መልስ፦ ደሴት
ስኬግ ከኋላ ከሥሩ የምትወርደው ክንፍ ናት። ፊቱ ወደ ነፋስ ሲዞርብሽ ትንሽ ታወርጃታለሽ፣ ቀጥ ይላል። መሪው ደግሞ ከኋላ ጫፉ ላይ ግራና ቀኝ የሚዞር ክንፍ ነው፤ በእግር ነው የሚታዘዘው። ለረጅም ጉዞ ይመቻል፤ አንዳንዱ ግን መርገጫው አብሮ ስለሚንሸራተት እግርሽ ድጋፍ ያጣል። ላንቺ ጉዞ እኔ ስኬግ እመርጣለሁ።

መልስ፦ ማዕበል
እኔ በዚህ አልስማማም፤ መርገጫው የማይንቀሳቀስ ከሆነ መሪም ጥሩ ነው። ክብደቱን በተመለከተ፣ የፕላስቲክ ካያክ ብዙውን ጊዜ 25 ኪሎና ከዚያ በላይ ነው፤ ድንጋይ ግን ይችላል። ፋይበርግላስ ጥቂት ኪሎ ይቀልላል፤ ድንጋይ ላይ ጥንቃቄ ይፈልጋል። ጎማ ያለው ትንሽ ጋሪ ከያዝሽ ግማሹ ችግር ተቃለለ። ከመግዛትሽ በፊት ነፋስ ባለበት ቀን፣ ከሰው ጋር ሆነሽ፣ የሕይወት አድን ጃኬት ለብሰሽ ዳርቻው አጠገብ ሞክሪው። መጀመሪያ ባዶውን፣ ከዚያ ውኃ የሞሉ ጠርሙሶች ከፊትና ከኋላ ጭነሽ። የፊትና የኋላ ዕቃ ማስቀመጫው ከመቀመጫው ውኃ በማያሳልፍ ግድግዳ መለየቱንም እይ። ስትገለበጪ ካያኩን የሚያንሳፍፈው በእነዚህ ማስቀመጫዎች ውስጥ ያለው አየር ነው።