አንድ ጸሐፊ አምስት ስልክ እንዴት ታስተናግድ?

ጥያቄ፦ ከኮምቦልቻ

ሰላም ለሁላችሁ ይሁን። ኮምቦልቻ በሚገኝ አነስተኛ የትራንዚትና የጭነት ማመላለሻ ቢሮ ውስጥ ጸሐፊ ነኝ። ሠራተኞቹ አራት ብንሆንም ሁለቱ ቀኑን ሙሉ በደረቅ ወደቡና በጉምሩክ ስለሚውሉ፣ ቢሮ የምንቀመጠው እኔና የሒሳብ ሠራተኛዋ ብቻ ነን። ስልኮቻችን ሦስት መደበኛና ሁለት የእጅ ስልኮች ናቸው። ከጠዋቱ ሦስት እስከ አምስት ሰዓት ባለው ጊዜ ከሚሌና ከጋላፊ የሚደውሉ ሾፌሮች፣ ዕቃቸው የት እንደደረሰ የሚጠይቁ የደሴ ነጋዴዎች፣ የጅቡቲው ወኪላችንም ጭምር በአንድ ላይ ስለሚመጡብኝ፣ አንዱን አንስቼ ሳልጨርስ ሌላው ይጮኻል።

ባለፈው ሳምንት አንድ ሾፌር የኮንቴይነር ቁጥር ሲያነብልኝ ሌላው ስልክ ጠራ። «አንድ ጊዜ ይጠብቁኝ» ብዬ ያንን አናግሬ ስመለስ፣ እሱ «ስልሳ» ያለውን እኔ «ሰላሳ» ብዬ ጻፍኩት። ሰነዱ ከኮንቴይነሩ ጋር ሳይገጥም ቀርቶ መኪናው አንድ ሙሉ ቀን ቆመ። ሾፌሩ አንዲት ክፉ ቃል አልተናገረኝም፤ ይህም ይበልጥ ከበደኝ። ኃላፊያችን አራተኛ መደበኛ መስመር ለማስገባት አስበዋል። ችግሩ በዚህ ይፈታል ትላላችሁ?

መልስ፦ ከደሴ፣ ጡረታ የወጣች ጸሐፊ

አብሽሪ ልጄ፤ በዚህ ሥራ ላይ የቆየ ሰው ሁሉ አንድ ቀን የደረሰበት ነው። አራተኛው መስመር ግን አራተኛ ጥሪ ያመጣብሽ እንደሆነ እንጂ ሦስተኛ እጅ አይሰጥሽም።

እኔ በሥራ ዘመኔ የያዝኩት ልማድ እንዲህ ነበር። ሁለተኛው ስልክ ሲጠራ የመጀመሪያውን ደንበኛ «ይጠብቁ» ብዬ አልተወውም፤ «ትንሽ ቢጠብቁኝ ይሻላል ወይስ እኔው ልደውልልዎ?» ብዬ እጠይቅና መልሱን እሰማለሁ። እጠብቃለሁ ካለኝ ከአንድ ደቂቃ በላይ አላቆየውም፤ ከቆየሁም ተመልሼ አለመርሳቴን እነግረዋለሁ። ሩቅ አገር ሆኖ ካርዱን እየጨረሰ ያለ ሾፌር «ይጠብቁ» ተብሎ ዝም ሲባል ምን እንደሚሰማው አስቢው። ቁጥር እየተነበበልሽ ከሆነ ግን ማንም ይደውል ማን ሌላውን አታንሺ። ቁጥሩን እስከ መጨረሻው ጻፊ፣ አንድ በአንድ መልሰሽ አንብቢለት፣ «ትክክል ነው» ሲልሽ ብቻ ስልኩን ዝጊ። «ስልሳ ሰባት» የሚልሽንም «ስድስት፣ ሰባት» እያልክ ንገረኝ በይው፤ ስልሳና ሰላሳ በተቆራረጠ መስመር ላይ አይለዩም።

የስልክ መዝገብም ያዢ። ሰዓቱ፣ የደዋዩ ስምና ቁጥር፣ የመኪናው ሰሌዳ፣ ጉዳዩ፣ ለማን እንደተላለፈ ይጻፍበት። ብጣሽ ወረቀት ላይ የተጻፈ መልእክት ከሻይ ብርጭቆ ሥር ገብቶ ይቀራል።

መልስ፦ ከኮምቦልቻ፣ የስልክና የኔትወርክ ባለሙያ

እናታችን የተናገሩት ትክክል ነው፤ በስሌትም ይታያል። በኮፐንሃገን የስልክ ኩባንያ ይሠራ የነበረው ዴንማርካዊው የሒሳብ ሊቅ ኤርላንግ እ.ኤ.አ. ከ1909 ጀምሮ ያሳተማቸው ጥናቶች ዛሬም ለመስመር ስሌት መሠረት ናቸው። በሰዓት 20 ጥሪ ቢመጣና እያንዳንዱ በአማካይ 3 ደቂቃ ቢወስድ፣ ጠቅላላው ንግግር 60 ደቂቃ ስለሆነ አንድ መስመር የሚበቃ ይመስላል። ጥሪዎች ግን ተራ ጠብቀው አይመጡም። በስሌቱ መሠረት በአንድ መስመር ከደዋዮቹ ግማሹ፣ በሁለት መስመር ከአምስቱ አንዱ፣ በሦስት መስመር ከመቶ 6 ያህሉ፣ በአራት ደግሞ ከመቶ 1 ወይም 2 ብቻ ተይዟል ይባላሉ። ይህ ሁሉ ግን በእያንዳንዱ መስመር ላይ የሚያነሳ ሰው ሲኖር ነው። እናንተ የምታነሱት ሁለት ስለሆናችሁ፣ ስልኩ አምስት ቢሆንም የእናንተ ልክ ከአምስት አንድ ሰው የሚቀርበት ነው፤ ያ ሰው ደግሞ ወዲያው ደግሞ ስለሚደውል ጫናው ከስሌቱም ይበልጣል።

ስለዚህ ለአራተኛው መስመር የታሰበው ገንዘብ ለአነስተኛ ፒኤቢኤክስ፣ ማለትም የሚመጡትን ጥሪዎች ለቢሮው ስልኮች ለሚያከፋፍል ማሽን፣ ቢውል ይሻላል። ለደንበኞች አንድ ቁጥር ብቻ ትሰጣላችሁ፤ ያ ቁጥር ሲያዝ ጥሪው ራሱ ወደ ቀጣዩ መስመር እንዲያልፍ ይደረግ ዘንድ መስመሩን የሚሰጣችሁን ድርጅት ጠይቁ። ማሽኑ ሒሳብ የሚመለከተውን ጥሪ በአንድ ቁልፍ ወደ ባልደረባዎ ክፍል ለማስተላለፍ ያስችላል። አንድ ነገር አደራ እላለሁ፦ ፒኤቢኤክስ ያለ መብራት አይሠራም። በመዳብ ሽቦ የሚመጣው ተራ ስልክ ኃይሉን ከቴሌ ጣቢያው ስለሚያገኝ፣ ከሦስቱ አንዱን መስመር ማሽኑ ውስጥ ሳታስገቡ በቀጥታ አሮጌው ስልክ ላይ ተዉት፤ ለማሽኑም ዩፒኤስ፣ ማለትም መብራት ሲጠፋ ለጊዜው ኃይል የሚሰጥ ባትሪ፣ ግዙለት።

መልስ፦ ከደሴ፣ የትራንዚት ሠራተኛ

ስለ ኮንቴይነሩ ቁጥር አንድ ነገር ልጨምር። አራት ፊደልና ሰባት አኃዝ ካለው ከዚህ ቁጥር ውስጥ የመጨረሻው አኃዝ ከቀደሙት በስሌት የሚገኝ ማረጋገጫ ነው። ቀመሩን ኤክሴል ላይ አስገብታችሁ ብታስቀምጡ፣ ስልሳ ሰላሳ ሆኖ ቢጻፍ አለመግጠሙ አብዛኛውን ጊዜ እዚያው ይታያል፤ ሾፌሩም ገና መስመር ላይ ሳለ ይታረማል። ለእጅ ስልኮቹ ደግሞ ኮከብ ኮከብ 67 ኮከብ፣ ከዚያ የባልደረባችሁን ቁጥርና መሰላል ብትደውሉ፣ ስልኩ ሲያዝ ጥሪው ወደ እሱ ይተላለፋል። የተላለፈው ጥሪ ሒሳብ ግን በእናንተ ላይ እንደሚቆጠር አትርሱ።

ከጠያቂዋ

ሁላችሁንም እግዚአብሔር ያክብርልኝ። መዝገቡን ሰኞ ጀመርኩ፤ ዛሬ ከሦስት እስከ አራት ሰዓት 23 ጥሪ ጽፌያለሁ፣ ከእነዚህም 9ኙ «መኪናው የት ደረሰ?» የሚሉ ነጋዴዎች ናቸው። ለኃላፊያችን ገጹን ሳሳያቸው ስለ መስመሩ ማውራታቸውን ትተው፣ ለእነዚህ ሰዎች ከሦስት ሰዓት በፊት እኛው አጭር መልእክት ብንልክላቸውስ አሉ። ነገ ጠዋት ሾፌሮቹ ያደሩበትን ቦታ ጠይቄ ለዘጠኙም እልካለሁ።