የአባባ ሰባተኛ ዓመት፦ ምን እናድርግ? (የቤተሰብ ማኅበራችን የዕቅድ ውይይት)

ትንሹ ወንድም፣ የማኅበሩ ጸሐፊ (ድሬዳዋ)

እህት ወንድሞቼ፣ እንደምን ሰነበታችሁ። ነሐሴ 8 አባባ ካረፈ ሰባት ዓመት ይሞላዋል። ባለፈው በስልክ ሁላችንም አንድ ላይ አውርተን ሳንስማማ ተለያየን። ስለዚህ እዚሁ በጽሑፍ እንጨርሰው። የቀረቡት ሐሳቦች ሦስት ናቸው፦ ትልቅ ድግስ፣ መቃብሩን በእብነ በረድ ማሠራት፣ ወይም በስሙ ለልጆች አንድ ነገር ማድረግ። ሦስተኛው ገና ቅርጽ አልያዘም። የኔ ልብ ግን ወደ እሱ ነው።

ሁለተኛው ወንድም (አዲስ አበባ)

ድግስ ያልኩት ለታይታ አይደለም። አባባ ቤቱ በሰው ሲሞላ ደስ ይለው ነበር። ከምድር ባቡር የሥራ ባልደረቦቹ ውስጥ ድሬዳዋ ለገሐሬ ሰፈር ግቢያችን ገብቶ ያልበላ አለ? አንድ በሬ እንረድ። ለሙስሊም ጎረቤቶቻችን እንደ ወትሮው ለብቻ ይታረዳል። ትልቅ ፎቶውንም አሳትመን በሩ ላይ እንስቀል።

ታላቅ እህት (ድሬዳዋ)

የኔ ወንድም፣ ነሐሴ 8 እኮ ፍልሰታ ነው! የምን በሬ? ፍትሐቱ ይደረጋል። ጸበል ጸዲቁን እኔና ጎረቤቶቼ እናዘጋጃለን፤ ዳቦ፣ ንፍሮ፣ ሽሮና ምስር ወጥ። ፎቶውን ደግሞ ደቻቱ ወንዝ ወስዶታል። በ1998 ክረምት ጎርፉ ሌሊት ሲገባ ሳጥኑ ከነአልበሙ ሄደ። የቀረን የመታወቂያው ጉርድ ፎቶ ብቻ ነው። እሱም ላይ ኮስተር ብሎ ስለተነሣ አባባን አይመስልም።

ጎርፉ የተወልን ሲባጎውን ነው። የድሮ የሥራ ቱታው ኪስ ውስጥ ነበር፤ ቱታው ከፍ ብሎ ምስማር ላይ ስለተሰቀለ ውኃው አልደረሰበትም። ትንንሾቹ ላታስታውሱ ትችላላችሁ። ነሐሴ ሲገባ አባባ ማታ ማታ እግራችንን ይለካን ነበር። ለምን ቀን እንደማይለካን ስጠይቀው፣ «የድሬ ሙቀት እግር ያሳብጣል፤ ጠዋት ልክ የሆነ ጫማ ማታ ይጠብባል» አለኝ። እኛን በርጩማ ላይ ያስቀምጥና እሱ መሬት ላይ ይንበረከካል። እጁ ታጥቦም ግራሶ ይሸታል። የሲባጎውን ጫፍ ተረከዛችን ላይ ይይዛል። እስከ አውራ ጣታችን ይወስደዋል። እንድናድግበት አንድ ጣት ይጨምርና ይቋጥራል። ስድስታችንንም በዚያች አንድ ሲባጎ ነበር የሚለካን። ከዚያ ጅቡቲም ሆነ አዲስ አበባ ለሥራ ሲላክ ሲባጎው ኪሱ ውስጥ ነው።

ከመንትዮቹ ታላቁ (ዱባይ)

እትዬ፣ ቀይ ክሩን ረሳሽው? የኔና የመንትያዬ እግር እኩል ነበር። ለሁለታችን አንድ ቋጠሮ ይበቃ ነበር። አባባ ግን እምቢ አለ። የሱን ቋጥሮ፣ እዚያው ላይ ለኔ ቀይ ክር ጠመጠመበት። ሰው ሁሉ «መንቶቹ» ብሎ ሲጠራን እሱ አንድም ቀን እንደ አንድ ልጅ ቆጥሮን አያውቅም።

ሁለተኛው ወንድም (አዲስ አበባ)

ትናንት ሲባጎውን ካነሣሽ በኋላ እንቅልፍ አልወሰደኝም። ጥር 1977 ታወሰኝ። አዋሽ አጠገብ ባቡሩ ከድልድይ ወደ ገደል ገብቶ ከ400 በላይ ሰው ያለቀበት ጊዜ። አባባን ከሥራ ቦታው በቀጥታ ወደዚያ ላኩት። እማማ አምስት ቀን ሙሉ በር በሩን ስታይ ከረመች። በአምስተኛው ሌሊት ገባ። እኔ ነቅቼ ነበር፤ የተኛሁ መሰልኩ። ብርድ ልብሱን ከእግራችን በኩል ገለጥ አደረገ። እግራችንን አንድ በአንድ ያዝ፣ ለቀቅ እያደረገ ስድስታችንንም ጨረሰ። ከዚያ ደጃፍ ላይ ተቀምጦ አነጋ። ስላየው ነገር እስኪሞት ድረስ አልነገረንም።

በሬውን ትቻለሁ። ለልጆች ጫማ እንግዛ።

ሦስተኛ እህት (ሜሪላንድ)

እያለቀስኩ ነው ያነበብኩት። እስማማለሁ። እኔ በ1969 የሶማሊያ ጦርነት የባቡሩን መስመር ሲቆርጠው የሆነውን አስታውሳለሁ። ከጅቡቲ ጫማ መምጣት ቀረ። አባባ ያን ዓመት ከአሮጌ ጎማ በገዛ እጁ በረባሶ ሠራልን፤ እሱንም በሲባጎው ለክቶ። የጎረቤት ልጆች ቀኑብን!

ለዕቅዱ ከዚህ ጫማ ሰብስቤ ልላክ? ቅናሽ ሲኖር ብዙ ይገኛል።

የትንሹ ወንድም ባለቤት (መምህርት፣ ድሬዳዋ)

እኔ ምራት ነኝ፤ ይቅርታ አድርጉልኝና አንድ ነገር ልበል። ከውጭ በግምት የመጣ ጫማ ግማሹ ለማንም አይሆንም። ቀረጡና ማጓጓዣውም አለ። እዚሁ ታይዋን ገበያ ሄደን ተከራክረን ብንገዛ ይሻላል፤ ልክ ያልሆነውንም እንቀይራለን።

ሌላው ከባዱ ነገር የልጆቹ ክብር ነው። «ችግረኛ የሆናችሁ ወዲህ ኑ» ሲባል ልጅ እንዴት አንገቱን እንደሚደፋ በየዓመቱ አያለሁ። ስለዚህ መምረጥ ይቅር። ከአንድ ትምህርት ቤት አንደኛ ክፍልን በሙሉ እንያዝ። ያለውም የሌለውም እኩል ይለካ። አባባ በሕይወት ሳሉም ቢሆን ልጅ አይለዩም ነበር።

ከመንትዮቹ ታናሹ (አዳማ)

በጣም ጥሩ ሐሳብ ነው። እኔ ጫማው ላይ ወይም ካርቶኑ ላይ የአባባ ስም ይጻፍ ልል ነበር። ርክክቡም በቪዲዮ ቢቀረጽ ለልጆቻችን ማስታወሻ ይሆናል።

ታላቅ እህት (ድሬዳዋ)

ስሙ በፍትሐቱ ላይ ይጠራል፣ ይበቃል። አባባ ጫማ ሲያመጣልን «ማን ገዛልህ?» ብሎ ጠይቆን አያውቅም። መጥበብ አለመጥበቡን ነው የሚጠይቀን። ካሜራ አይግባ።

ከመንትዮቹ ታናሹ (አዳማ)

እሺ እትዬ። ልክ ነሽ።

ትንሹ ወንድም፣ ጸሐፊ (ድሬዳዋ)

ሁላችሁ ያላችሁትን ይዤ የውሳኔ ሐሳቡን እንደዚህ ጽፌዋለሁ። የምታርሙትን እስከ እሑድ አርሙ።

«እኛ ስድስታችን የአባታችንን ሰባተኛ ዓመት ነሐሴ 8 ቀን በጸሎትና በጾም ማዕድ እናስባለን። ለድግስ ሊወጣ የነበረው ገንዘብ አባታችን እኛን ባስመዘገበበት ትምህርት ቤት የአንደኛ ክፍል ለሚገቡ ልጆች በሙሉ ጫማ ይገዛበታል። ልኬቱ በምዝገባው ሳምንት ከሰዓት በኋላ፣ ሙቀቱ ሳይበርድ ይደረጋል። በእያንዳንዱ እግር ላይ አንድ ጣት ይጨመራል። ጫማው ከእንቁጣጣሽ በፊት ለወላጆች ይሰጣል። ፎቶ አይነሣም፣ ስም አይጻፍም። ውጭ ያሉት ሁለቱ እያንዳንዳቸው 300 ዶላር፣ አገር ውስጥ ያለነው አራታችን እያንዳንዳችን 8,000 ብር እናዋጣለን። ገንዘቡን ታላቅ እህታችን ትይዛለች።»

የእብነ በረዱን ጉዳይ ለከርሞ አቆይተነዋል። ባለቤቴ ርእሰ መምህሩን አነጋግራ ፈቃዳቸውን አግኝታለች። ዘንድሮ ወደ 80 ልጅ ይጠብቃሉ።

ሁለተኛው ወንድም (አዲስ አበባ)

«በጸሎትና በጾም ማዕድ» ከሚለው ቀጥሎ «ከጎረቤቶቻችን ጋር» የሚል ይግባ። የቀረው ተስማምቶኛል። ለልኬቱ እኔም እመጣለሁ። ጉልበቴን ቢያመኝም መንበርከኩ አያቅተኝም።

ሦስተኛ እህት (ሜሪላንድ)

ተስማምቻለሁ። ገንዘቡን ነገ እልካለሁ። እትዬ፣ ለልኬቱ የአባባን ሲባጎ ታወጪዋለሽ እንዴ?

ታላቅ እህት (ድሬዳዋ)

አላወጣውም፤ አርጅቷል፣ ቢበጠስብኝ አልችልም። ዛሬ ቀፊራ ገበያ ወርጄ አዲስ ሲባጎ ሁለት ጥቅል ገዝቻለሁ። ቀይ ክርም ይዣለሁ፤ መንትዮች ሊኖሩ ይችላሉ።