ማሳው ካርታ ላይ «ደን» ሆኖ ወጣ፤ ገበሬው ጥላውን ልቁረጠው እያሉ ነው

የማህበሩ ልጅ፦

ሰላም ለሁላችሁ። ቦንጋ አካባቢ ባለ የቡና ገበሬዎች ህብረት ስራ ማህበር ውስጥ ነው የምሰራው። አውሮፓ ህብረት ደን ተመንጥሮ የተመረተ ቡና አልገዛም የሚለውን ህግ ካወጣ ወዲህ ስራችን ማሳ ለማሳ እየዞሩ በጂፒኤስ የቦታውን ነጥብ መውሰድ ሆኗል። ዘንድሮ የሰበሰብነውን ለላኪው አስረከብን። በሳምንቱ 61 ማሳ «ደን ውስጥ ነው፣ ስጋት አለበት» ተብሎ በቀይ ተመልሶ መጣ።

ከባለቤቶቹ አንዱ 70 ያለፋቸው አባት ናቸው። ሁለት ጥማድ የምትሆን ማሳ አለቻቸው፣ ከአባታቸው የወረሷት፣ ዋንዛና ብርብራ ጥላ ያላት። ስነግራቸው ትንሽ ዝም አሉ። ከዛ ቀና ብለው ዋንዛውን አዩትና «ያስከሰሰኝ ይሄ ነው? ቆርጬው ልገላገል እንዴ?» አሉኝ። መልስ አጣሁ። እኔም በትክክል አላውቀውማ። ደን መባሉ ብቻ ቡናቸውን ያስጥለዋል? ምን ልበላቸው?

ካርታ ሰሪዋ፦

ወንድሜ፣ ይህን አንብበህ ሳትጨርስ ደውልላቸው። አንዲት ቅርንጫፍ እንዳይነኩ። እስካሁን ንፁህ የሆነው ማሳ ችግር ውስጥ የሚገባው ዛፉ የተቆረጠ ቀን ነው።

ህጉ የሚጠይቀው «ዛፍ አለ ወይ?» ብሎ አይደለም። ከታህሳስ 2020 መጨረሻ በኋላ (በነሱ አቆጣጠር ነው) ደን የነበረ መሬት ወደ እርሻ ተቀይሯል ወይ ነው ጥያቄው። በ2020 ደን ሆኖ ዛሬም ደን ከሆነ፣ ከስሩ ቡና ስለተለቀመ ብቻ ጭፍጨፋ አይባልም። ደን የሚሉት ደግሞ ከግማሽ ሄክታር በላይ የሆነ፣ ዛፎቹ ከ5 ሜትር የሚበልጡ፣ ሽፋኑ ከ10 በመቶ በላይ የሆነ መሬት ነው። በዋናነት ለእርሻ የሚውል መሬት ግን ጥላ ዛፍ ቢኖረውም ከዚህ ውጪ ነው። የአባታችን ማሳ የጥላ ቡና ከሆነ መጀመሪያውኑ ደን ላይባልም ይችላል።

ታዲያ ለምን ቀላ? ብዙ ሰው የሚጠቀመው የአውሮፓ ህብረት የጋራ ምርምር ማዕከል የሰራውን የ2020 የደን ካርታ ነው። 10 ሜትር በ10 ሜትር እየከፈለ ነው የሚያየው። ከላይ ሲታይ ደግሞ የዋንዛ ጥላና የተፈጥሮ ደን አናታቸው አንድ ነው፤ ቡናው ከስር ነው ያለው፣ ሳተላይቱ ቡናውን አያየውም። ካርታው ህግ አይደለም፣ ራሳቸውም ተጠቀሙበት ብለው አያስገድዱም። ቀይ ማለት «እዚህ ጋ ጠጋ ብለህ እይ» ማለት ነው።

አንድ ነገር ልጠይቅህ። ነጥቡን በምን ወሰዳችሁት? ጂፒኤሱ አዲንዳን የሚባለው የቆየ የካርታ መነሻ ላይ ተስተካክሎ ከሆነ (በመሬት ይዞታ ስራ የለመድነው እሱን ነው) እና የዩቲኤም ቁጥሩን (ቦታን በሜትር የሚገልፀውን) ዓለም አቀፉ መነሻ ደብሊው ጂ ኤስ 84 እንደሆነ አድርጋችሁ ከላካችሁት፣ ነጥቡ ከ200 ሜትር በላይ ወደ ደቡብ ምዕራብ ይሸሻል። ከፋ ውስጥ 200 ሜትር ማለት ከጓሮ ተነስቶ ደን መሃል መግባት ነው። የዩቲኤም ዞኑንም እይ፤ 36 ዲግሪ ኬንትሮስ ላይ ነው የሚቀየረው፣ ቦንጋ ዞን 37 ውስጥ፣ ሚዛን ዞን 36 ውስጥ። ኬክሮስና ኬንትሮስ የተገለባበጠበት ፋይልም አጋጥሞኛል፣ የቦንጋ ቡና አልጄሪያ ላይ ተቀምጦ።

ኤክስፖርት ቢሮ፦

እህቴ ያለችው ትክክል ነው፣ ከገዢው በኩል ያለውን እኔ ልጨምር። ከ4 ሄክታር በታች ለሆነ ማሳ አንድ ነጥብ ይበቃል፣ ግን በኬክሮስና በኬንትሮስ ቁጥሩ ላይ ከአስርዮሽ ነጥቡ በኋላ 6 አሃዝ ይፈልጋሉ። ኤክሴል ቁጥሩን አሳጥሮባችሁ እንዳይሆን እዩት። 4 አሃዝ ብቻ ከቀረ ቦታው በሜትሮች ይዛነፋል።

ብዙ ሰው የሚረሳው ሌላም ነገር አለ። ደን አለመመንጠሩ ብቻ አይበቃም፣ ቡናው በሀገሩ ህግ መሰረት የተመረተ መሆን አለበት። የደን ቡና የሚለቅሙ አባላት ካላችሁ፣ ከመንግስት ጋር የተፈራረሙት የአሳታፊ ደን አስተዳደር ስምምነት ካለ ኮፒውን ያዙ። የይዞታ ደብተርም እንደዛው።

እኔን እንቅልፍ የሚነሳኝ ግን ካርታው አይደለም፣ ቅልቅሉ ነው። እሸቱ ወይ ጀንፈሉ ከገበሬው ወደ ሰብሳቢ፣ ከሰብሳቢ ወደ አቅራቢ ሲሄድ መነሻው የማይታወቅ አንድ ጆንያ ከገባበት ሙሉው ጭነት ይበላሻል። የታወቀውንና ያልታወቀውን ደባልቆ በመቶኛ መላክ አይፈቀድም። እናንተ ማህበር ስለሆናችሁ በዚህ እድለኛ ናችሁ፣ ደረሰኙ ላይ የማሳውን መለያ ቁጥር መፃፍ ብቻ ነው።

ህጉ ስራ ላይ የሚውልበት ጊዜ ሁለቴ ተራዝሞ አሁን ለትልልቆቹና መካከለኞቹ ድርጅቶች ታህሳስ 30 ቀን 2026፣ ለትንንሾቹ ሰኔ 30 ቀን 2027 ሆኗል፣ በፈረንጆቹ። ጊዜ አለ ብላችሁ ግን አትተኙ፣ ገዢዎቹ ከአሁኑ እየጠየቁ ነው።

ሃምቡርግ ያለሁት፦

እዚህ አረንጓዴ ቡና የሚያስገባ መስሪያ ቤት ውስጥ እነዚህን ፋይሎች የማየው እኔ ነኝ። ቀይ ነጥብ ሲመጣ አንጥለውም፣ የ2020ን የበጋ ምስልና የዘንድሮውን ጎን ለጎን አድርገን እናያለን። የክረምቱ በደመና ስለሚሸፈን አይጠቅምም፣ ከታህሳስ እስከ የካቲት ያለውን ፈልጉ። ሽፋኑ ካልተለወጠ ማስረጃው እሱ ነው። ከዛ ላይ ከማሳው ውስጥ የተነሳ ፎቶ፣ የቡናው ግንድ ውፍረት የሚታይበት፣ ብትልኩልን ስራችንን ግማሽ ታቀሉታላችሁ። 20 ዓመት የሞላው ግንድ ከ2020 በኋላ ተተከለ ማለት አይቻልማ። ያረጀ ቡና ጎንድላችሁ ከሆነም ጉቶውን አንሱልን።

የሊሙ ልጅ፦

አንድ ልመና። እባክህ ለገበሬው ኮፒ ስጠው። እኛ ጋ አንድ ድርጅት መጥቶ የአባቴን ማሳ ለክቶ ሄደ፣ በዓመቱ ሌላ መጥቶ እንደገና ለካ። ሁለቱም ወረቀት አልተዉም። አባቴ የራሱ ማሳ ነጥብ በእጁ ስለሌለ ሌላ ገዢ ሲመጣ ከዜሮ ይጀምራል። አንድ ወረቀት ላይ ሁለት ቁጥርና ማህተም ነው፣ ምን ይከብዳል?

የማህበሩ ልጅ፦

ሁላችሁንም እግዜር ይስጥልኝ። ጂፒኤሱን ከፍቼ አየሁት፣ ከሁለቱ አንዱ አዲንዳን ላይ ነው የቆየው። በሱ የተወሰዱትን ስቀይራቸው ከ61ዱ 38ቱ ወደየጓሮአቸው ተመለሱ። የቀሩት ጥቅጥቅ ያለ ጥላ ያላቸው ናቸው፣ የአባታችንም ከነሱ ውስጥ ነው።

ደውዬላቸዋለሁ። መጥረቢያው አልተነካም። «ታዲያ ዋንዛው ለኔ ሊመሰክር ነው በለኛ» አሉኝ። ሀሙስ ሄጄ ግንዱን ፎቶ አነሳለሁ፣ ወረቀታቸውንም ማህተም አስመትቼ እወስድላቸዋለሁ። ሃምቡርግ ያለህ ወንድሜ፣ ፎቶው ላይ የቦታው ነጥብ አብሮ መታየት አለበት ወይስ ለብቻው ልላከው?