ክርክር፦ አልትራሳውንድ የማን ሙያ ነው?

አወያይ፦
እንደምን አመሻችሁ ቤተሰብ። የዛሬው ክርክር ከአንድ አባት ጥያቄ የተነሳ ነው። ልጃቸው የ12ኛ ክፍል ፈተና ወስዳ ውጤት እየጠበቀች ነው። አልትራሳውንድ መማር ትፈልጋለች። አባት «ሙያ ነው ወይስ አንድ መሣሪያ?» አሉን። እኛ ጥያቄውን ሰፋ አደረግነው። ጎጃም ውስጥ አልትራሳውንድ ራሱን ችሎ በዲግሪ ይሰጥ? ወይስ የጤና ጣቢያ አዋላጆች በአጭር ስልጠና ቢሠሩት ይበቃል? በስም ሳይሆን በሙያችሁ ጻፉ። የጤና ተቋምም በስም አትጥሩ።

አባት፣ ከቢቸና፦
ጠያቂው እኔ ነኝ። ጡረታ የወጣሁ መምህር ነኝ። ልጄን ወደዚህ ሐሳብ ያስገባት የእናቷ ሕመም ነው። ባለቤቴ ሁለት ዓመት ሙሉ ጨጓራ ነው እየተባለች መድኃኒት ዋጠች። ሌሊት ቀኝ ጎኗን ይዛ ስትገላበጥ ታድራለች። በመሀል አንድ ቦታ በአልትራሳውንድ ታየች። «ምንም የለም» ተባልን። ደስ ብሎን ተመለስን። ሕመሙ ግን አልተወንም። ከስምንት ወር በኋላ ባሕር ዳር ወሰድኳትና ሌላ ሰው አያት። ገና ሳትተኛ «ቁርስ በልተሻል?» አላት። በልታ ነበር። «ነገ በባዶ ሆድሽ ነይ» ብሎ መለሳት። በማግስቱ የሐሞት ከረጢቷ ጠጠር መያዙ ታየ። በፊት ባየናት ጊዜም በልታ ነበር፤ ማንም አልጠየቃትም። ልጄ ያን ቀን አብራን ነበረች። እኔ የምፈራው ተምራ ሥራ እንዳታጣ ነው። የምታውቁ ንገሩኝ።

ራዲዮሎጂ ቴክኖሎጂስት፣ ከደብረ ማርቆስ፦
ጋሼ፣ ባለቤትዎን እንኳን ማራት። መልሱን እኮ ራስዎ ነገሩን። ሰው ሲበላ የሐሞት ከረጢት ይጨማደዳል። ውስጡ ያለ ጠጠር በቀላሉ ላይታይ ይችላል። ይህን የሚያውቅ ሰው ቁርስ ይጠይቃል። የማያውቅ ሰው «ምንም የለም» ይላል።

እኔ በዲግሪ ይሰጥ ባይ ነኝ። ኤክስሬይ አንዴ ይነሳል፣ ፎቶው ይቀራል፣ ሌላ ባለሙያ ነገ መልሶ ያየዋል። አልትራሳውንድ እንደዚያ አይደለም። እጄ ያላለፈበት ቦታ አልታየም ማለት ነው። ምስሉን አንብቦ የሚፈርመው ሐኪም፣ ራዲዮሎጂስቱ፣ በኋላ የሚያገኘው እኔ መርጬ ያስቀረሁትን ምስል ብቻ ነው።

ነገሩ ከባድ የሆነው ድምፅ ስለሆነ ነው። የሰው ጆሮ በሰከንድ እስከ 20,000 ንዝረት ይሰማል። እኛ የምንልከው ከ2 እስከ 15 ሚሊዮን ንዝረት ነው። ድምፁ በሰውነት ውስጥ በሰከንድ 1,540 ሜትር ገደማ ይጓዛል። ነጥሮ ሲመለስ ማሽኑ በወሰደበት ጊዜ ርቀቱን ያሰላል። መሀል ላይ አየር ካለ ድምፁ አያልፍም፤ ጄል የምንቀባው ለዚህ ነው። ንዝረቱ ከፍ ሲል ምስሉ ይጠራል፣ ግን ጠልቆ አይሄድም። ስለዚህ ለእንቅርት አንድ ፕሮብ (ቆዳ ላይ የምናስኬደው የማሽኑ ክፍል)፣ ለጉበት ሌላ ፕሮብ እንይዛለን። ይህን ሳያውቁም ቁልፉን መጫን ይቻላል። ስክሪኑ ላይ የሆነ ነገር ይመጣል። የሚያስፈራኝ እሱ ነው።

ደግሞ እርግዝና ብቻ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1958 ግላስጎው ላይ ኢያን ዶናልድና ባልደረቦቹ የሆድ ዕጢንና ፅንስን በድምፅ እንዳዩ ጻፉ። ከዚያ 5 ዓመት ቀድሞ ስዊድን፣ ሉንድ ላይ ኤድለርና ኸርትስ ልብን አይተዋል። እኛ ዘንድ በልጅነቱ ጉሮሮውን ታሞ ሳይታከም የቀረ፣ ካደገ በኋላ የልቡ ቫልቭ የተበላሸ ስንት ወጣት አለ! እሱን የሚለየው ኢኮ ነው። ኢኮ ራሱ የልብ አልትራሳውንድ ነው። ይህን በአጭር ስልጠና ማን ይችለዋል? እኔ ስማር ለአልትራሳውንድ የደረሰን ጊዜ ትንሽ ነበር። የቻልኩት ተመርቄ ከአንድ ነባር ባለሙያ ጎን ቆሜ ነው። ሁሉም ሰው ያን ዕድል አያገኝም።

አዋላጅ ነርስ፣ ከጤና ጣቢያ፦
ወንድሜ፣ ያልከው እውነት ነው። ግን አራት ዓመት ማን ይጠብቅ? የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. ከ2016 ጀምሮ እያንዳንዷ ነፍሰ ጡር ከ24 ሳምንት በፊት አንድ ጊዜ በአልትራሳውንድ ትታይ ይላል። እያንዳንዷ! የጮቄ ሥር እናት ለዚህ ብላ ደብረ ማርቆስ ወይም ባሕር ዳር ትሂድ? መንገድ የሚዘጋበት ቀን መኖሩን ሁላችሁም ታውቃላችሁ። አምቡላንስ ተጠርቶ የማይመጣበት ሌሊት አለ።

እኔ ያለኝ አጭር ስልጠና ነው። የልብ ቫልቭ አላይም፣ የሐሞት ጠጠርም አልፈልግም። የማየው የተወሰነ ነው። ፅንሱ ማህፀን ውስጥ ነው ወይስ ውጭ? ልቡ ይመታል? አንድ ነው መንታ? ጭንቅላቱ ወደየት ነው? እንግዴ ልጁ የት ተቀምጧል? ስንት ሳምንት ሆነ? ሌላውን «ከኔ በላይ ነው» ብዬ እልካለሁ። አንዲት የአራት ልጆች እናት እንግዴ ልጁ የማህፀኗን በር ዘግቶ አገኘሁት። ያኔ አንድ ጠብታ ደም አልፈሰሳትም ነበር። ምጥ ሳይይዛት ወደ ሆስፒታል ሄዳ በቀዶ ሕክምና ወለደች። ቤቷ ምጥ ቢይዛት ኖሮ ቤተሰቡ በቃሬዛ ተሸክሞም አይደርስላትም ነበር። ያቺን እናት የዲግሪ ምሩቅ እስኪመጣ ጠብቂ ልበላት?

የቀኑንም ነገር ልንገራችሁ። ብዙ እናት የወር አበባዋን በበዓል ነው የምታስታውሰው። «ለፍልሰታ ማርያም ነው ያየሁት» ትለኛለች። ነሐሴ 16 መሆኑ ነው። ጳጉሜን 5 ቀን ስትሆን 280 ቀን ብቆጥር ግንቦት 21 ላይ ይወድቃል፤ እሷም የማርያም ቀን ናት። ማሽኑ ግን ጳጉሜን አያውቅም። ኦገስት 22 ብዬ ነው የማስገባው። ሌላ አገር ተምሮ የመጣ ሰው እዚህ ላይ ይሳሳታል። እኔ አልሳሳትም።

ራዲዮሎጂ ቴክኖሎጂስት፦
የቀኑን ጉዳይ ስላነሳሽ ነው። በመጀመሪያዎቹ ሦስት ወራት የታየች እናት የሳምንቷ ስሌት የሚዛነፈው ከሳምንት ባልበለጠ ነው። በስምንተኛው ወር ከመጣች እስከ ሦስት ሳምንት ሊሳሳት ይችላል። እንግዴ ልጁም በ20 ሳምንት ዝቅ ብሎ ቢታይ፣ አብዛኛውን ጊዜ ማህፀኑ ሲያድግ ከበሩ ይርቃል። በአጭር ስልጠና ይህ ይነገራችኋል? ወይስ እናቲቱ ደንግጣ ቤቷ ትገባለች?

አዋላጅ ነርስ፦
ይነገረናል። በ20 ሳምንት ዝቅ ካለ «በርቺ፣ በ32 ሳምንት መልሰን እናይሻለን» እንላለን። አስደንግጬ የላክኋት የለችም።

ራዲዮሎጂ ቴክኖሎጂስት፦
እሺ፣ ይህን አንቺ ረታሽ።

ጠቅላላ ሐኪም፣ ከፍኖተ ሰላም፦
እኔ የምለው አጭር ነው። ውጤቱ ላይ ማን ይፈርማል? ቀኑን ሙሉ የሚመጣልኝ ወረቀት ላይ «ኖርማል» ብቻ ተጽፎ ይመጣል። ምን ታየ? ምን ሳይታይ ቀረ? የአንጀት ጋዝ ሸፍኖት ይሆን? ዲግሪም ይሁን ስልጠና፣ ያላየውን «አላየሁም» ብሎ የሚጽፍ ሰው ስጡኝ።

ባዮሜዲካል መሐንዲስ፣ ከባሕር ዳር፦
ስለ ማሽኑ ማንም አላነሳም። ፕሮብ ውስጥ ያለው ክሪስታል አንዴ መሬት ከወደቀ ይሰነጠቃል። ከዚያ በኋላ ምስሉ ላይ ጥቁር መስመር ይወጣል፤ ሰው ደግሞ የበሽታ ጥላ ይመስለዋል። መብራት ሄዶ ሲመለስ የሚመጣው ኃይልም ማሽን ያቃጥላል። ጋሼ፣ ለልጅዎ ይህም መስመር እንዳለ ይንገሯት። መጠገን የሚችል ሰው እጥረት ነው ያለብን።

ነርስ፣ የደጀን ልጅ፣ ከአሜሪካ፦
እዚህ ሶኖግራፈር፣ ማለትም አልትራሳውንድ የሚያነሳው ሰው፣ ራሱን የቻለ ሙያ አለው። ብዙዎቹ ሁለት ዓመት ተምረው ኤአርዲኤምኤስ የሚባል ድርጅት ይፈትናቸዋል። የሆድ፣ የእርግዝና፣ የደም ሥር፣ የልብ እያሉ ይከፋፈላሉ። መካከለኛ ደመወዛቸው በዓመት ከ80 ሺህ ዶላር ያልፋል። የሚያነሱት እነሱ ናቸው፤ አንብቦ የሚፈርመው ሐኪም ነው። ጋሼ ግን ልጅዎን በዶላሩ ብቻ አያስቡት። የኢትዮጵያ ዲግሪ ይዞ መጥቶ ወዲያው ሥራ መግባት የለም። ሥራውም ትከሻ ይበላል። ቀኑን ሙሉ ክንድ ዘርግቶ መጫን ነው፤ የትከሻና የእጅ አንጓ ሕመም የሌለበት ሶኖግራፈር እምብዛም አላጋጠመኝም።

እንግሊዝ ደግሞ ሌላ ነው። እዚያ በብዛት መጀመሪያ ራዲዮግራፈር (ኤክስሬይ አንሺ) ወይም አዋላጅ ይሆናሉ። ከዲግሪያቸው በላይ ተምረው ነው ወደ አልትራሳውንድ የሚገቡት።

አዋላጅ ነርስ፦
አያችሁ! እኔ የምፈልገው ይህንን ነው። ስልጠናዬ ወረቀት ሆኖ መሳቢያ ውስጥ አይቅር። ሦስት ዓመት የሠራሁበት ልምድ ተቆጥሮልኝ ከፍ ያለውን እንድማር በር ይከፈት። አሁን ብማር እንደ አዲስ ተማሪ ከዜሮ ልጀምር ነው። ያ ደግሞ ጤና ጣቢያውን ጥዬ ልውጣ ማለት ነው።

ራዲዮሎጂ ቴክኖሎጂስት፦
በበሩ እስማማለሁ። ግን ማን ያስተምራል? ከፍ ያለው ትምህርት እዚሁ ካልተከፈተ በሩ የሚያስገባሽ የትም አይደለም። አዋላጅ የእርግዝናውን ትያዝ። የጉበቱን፣ የኩላሊቱን፣ የልቡን የሚይዝ ሰው ደግሞ ጎጃም ላይ መሰልጠን አለበት። የቢቸና ሰው ለሐሞት ጠጠር ባሕር ዳር ድረስ መንከራተት የለበትም። ስለ ሥራም ከተነሳ፣ መደብ ሳይኖር ተማሪ ማስመረቅ በደል ነው። ትምህርቱና መደቡ አብረው ይከፈቱ። አለዚያ የጋሼ ስጋት እውነት ይሆናል።

አባት፣ ከቢቸና፦
ልጄ ጎኔ ተቀምጣ እያነበበች ነው። ልትጽፍ ነው።

ተማሪዋ፦
እንደምን አመሻችሁ። እኔ ያን ቀን የገረመኝ ሰውየው እናቴን በግራ ጎኗ አዙሮ እንደገና ማየቱ ነው። መጀመሪያ በጀርባዋ ተኝታ አይቷት ነበር። ሲያዞራት ጠጠሩ ተንከባለለ። «አየሽው? ተንቀሳቀሰ» አለኝ። ከዚያ ወዲህ ሌላ ነገር ማሰብ አልቻልኩም። ጥያቄዬ አንድ ነው። ለብቻው የሚሰጥ ቦታ ባላገኝ፣ ከሁለታችሁ መንገድ የቱን ልምረጥ?

ራዲዮሎጂ ቴክኖሎጂስት፦
ራዲዮሎጂ ቴክኖሎጂ ምረጪ። ኤክስሬይም ሲቲም ትይዣለሽ፤ ሥራ ብታጪ በአንዱ ትገቢያለሽ። አልትራሳውንዱን እኔ ጋ ቆመሽ ትለማመጃለሽ።

አዋላጅ ነርስ፦
አዋላጅነት ምረጪ። ፕሮቡን ከያዝሽ በኋላ እናቲቱን የምታዋልጃት አንቺው ነሽ። ያየሽው ልክ ይሁን አይሁን በዓይንሽ ታረጋግጫለሽ። እሱ ይህን አያገኝም።

ራዲዮሎጂ ቴክኖሎጂስት፦
እሱስ እውነቷን ነው። ያነሳኋቸው ሰዎች ኋላ ምን እንደሆኑ አብዛኛውን ጊዜ አልሰማም።

አዋላጅ ነርስ፦
እህቴ፣ እኛ ጋ ማክሰኞ የነፍሰ ጡር ክትትል ቀን ነው። አለቃዬንም እናቶቹንም አስፈቅጄ አጠገቤ ትቆሚያለሽ። በጠዋት ነይ፤ ምቹ ጫማ አድርጊ፣ ቆመሽ ነው የምትውይው። በሳምንቱ ደግሞ ማርቆስ ወርደሽ እሱ ጋ ዋይ። ከዚያ ምረጪ።

አባት፣ ከቢቸና፦
ማክሰኞ ራሴ ይዣት እመጣለሁ።